ለደሴ 24፣ ለኮምቦልቻ 29

ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ማርሽም ሰንሰለትም የለውም፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው የጎማው ትልቅነት ነው። ባለ 24 ኢንቹ በአንድ ዙር 1.9 ሜትር ገደማ፣ ባለ 29ኙ 2.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ በየቀኑ ሥራ ለሚመላለስ 29ኙን እመርጣለሁ፤ ትንንሽ ጉድጓድም ብዙ አያስቸግረውም።

ደሴ ግን ሌላ ናት። ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሽቅብ ሲወጡ ትልቁ ጎማ ጉልበት ይጨርሳል። ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል፦ ፔዳሉ ከጎማው ጋር ስለሚዞር እግር አያርፍም፤ ፍሬን ከሌለው ጎማውን የሚይዘው እግር ብቻ ነው። 24ቱ እዚህ ይታዘዛል፤ ባጃጅ ድንገት ፊታችሁ ቢቆም ዘላችሁ ለመውረድም ይቀላል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት ግን፣ እባካችሁ፣ በየትኛውም አትሞክሩት።