የተከራያችሁት ሞተር ሰው አገር ቢበላሽ ሂሳቡ የማን ነው?

ሞተሯ ትጮኻለች፣ አትሄድም። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ድምፁ ይብሳል፤ የኋላ ጎማዋ ግን ንቅንቅ አይልም። ቦታው ሰሜን ታይላንድ ነው፤ ከቺያንግ ማይ ወደ ፓይ የሚወስደው፣ 762 ጥምዝ አለው የሚባለው መንገድ። ዳገት ላይ ነን፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፒክአፕ የያዙ አንድ አባት ቆመው ሞተሯን ጫኑልንና ቀጣዩ መንደር ያለ ጋራዥ አደረሱን።

መካኒኩ በግራ በኩል ያለውን ክዳን ሲፈታው ጥቁር የላስቲክ ፍርፋሪ መሬት ላይ ፈሰሰ። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ቺንጋ ተበጥሷል። ቁራጩን አንስቶ ሰጠኝ። ጠርዙ ተበልቶ ሳስቷል፤ በጥርሶቹ መሃል ደግሞ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በአንድ ቀን አይመጣም። እኔ ሞተሯን የተከራየሁት በዋዜማው ነበር።

ካስጠገንኩ በኋላ አከራይዋ ጋ ደወልኩ። «ስትወስዳት ትሠራ ነበር» አሉኝ፣ በቃ። ፓስፖርቴ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር? ለቺንጋው፣ ለእጅ ዋጋውና ለፒክአፑ 2,800 ባት ከኪሴ ወጣ። የቀን ኪራይዋ 200 ባት ነበር።

አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ ከሌላ ሱቅ በ250 ባት ነው የተከራየው። ፓይ በገባን ማግስት የእሱ ባትሪ ሞተ። ለሱቁ በዋትሳፕ ጻፈላቸው። እዚያው ፓይ ቅርንጫፍ አላቸው። ሰዓት ሳይሞላ አንድ ልጅ ሌላ ሞተር እየነዳ መጣ፣ ቁልፍ ተቀያየሩ፣ አለቀ። አምስት ሳንቲም አልጠየቁትም።

በቀን የ50 ባት ልዩነት ነው። ለንግድም ለሕክምናም ባንኮክ የሚመላለሰው ወገን ብዙ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲተርፈው ሞተር ተከራይቶ አገር ማየት ያምረዋል። ከእስራኤል፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ልጆቻችንም እንደዚያው። ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። የማነጻጽረው የኪራይ ዋጋን አይደለም። መንገድ ላይ ሲቆም ማን ይከፍላል የሚለውን ነው።

መጀመሪያ ብልሽቱን እንለይ

ብልሽት ሁሉ አንድ አይደለም። በዕድሜ ያለቀ ዕቃ አለ፤ ቺንጋ፣ ባትሪ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና። ይህ የባለቤቱ ነው። የዕለት ጥቃቅን ወጪ አለ፤ ቤንዚን፣ የተነፈሰ ጎማ፣ የተቃጠለ አምፖል። ይህ በልማድ የተከራዩ ነው። ከዚያ ደግሞ ጥፋት አለ። ወድቃችሁ ስፖኪዮ ብትሰብሩ፣ ጎርፍ ውስጥ ገብታችሁ ሞተሩ ውኃ ቢጠጣ፣ ፍሪሲዮን አቃጥላችሁ ብትመልሱ የእናንተ ነው።

የታይላንድ ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። የአገሪቱ የፍትሐ ብሔርና ንግድ ሕግ ቁጥር 546 አከራይ ዕቃውን በደህና ሁኔታ ላይ እንዳለ እንዲያስረክብ ያዛል። ቁጥር 547 ተከራይ ዕቃውን ለማቆየት ያወጣውን አስፈላጊና ተገቢ ወጪ አከራዩ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ ተራ ጥገናና ጥቃቅን እድሳት ግን ከዚህ ውጭ ነው፣ እሱ በ553 መሠረት የተከራዩ ነው። ቁጥር 562 ደግሞ ተከራይ በራሱ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል፣ በአግባቡ ሲጠቀም ለመጣው ግን አይጠየቅም ይላል። የቬትናም የ2015 (እ.ኤ.አ.) የፍትሐ ብሔር ሕግም መንፈሱ ተመሳሳይ ነው። አከራይ ይጠግናል፣ ትንንሹን ተከራይ ይችላል፣ በተፈጥሮ ያረጀውን ተከራይ አይከፍልም።

በሕጉ ከሄድን የእኔ ቺንጋ የሴትዮዋ ነበር። ግን ለ2,800 ባት ብሎ ታይላንድ ፍርድ ቤት የሚቆም መንገደኛ የለም። ገንዘቡ ወይም ፓስፖርቱ በእጁ ያለው ሰው ነው የሚያሸንፈው። ለዚህ ነው ከማን ተከራየሁ የሚለው ጥያቄ ከሕጉ ቁጥር የሚበልጠው።

ርካሹ ሱቅና ሃምሳ ባት የሚጨምረው ሱቅ

ቺያንግ ማይ ላይ ተራ 110 ወይም 125 ሲሲ ስኩተር በቀን ከ200 እስከ 300 ባት ይገኛል። ርካሹ ሱቅ ብዙ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ፣ አምስት ስድስት ሞተር፣ አንድ ገጽ ውል ነው። ውሉ ላይ «ማንኛውም ጉዳት በተከራይ» የሚል መስመር አይጠፋም። ስለ ብልሽት ምንም አይልም። ዝም ያለ ውል ደግሞ ሁልጊዜ ለአከራዩ ነው የሚያደላው፤ መያዣው እሱ ጋ ነዋ። ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትነዱት ችግር የለውም፣ ቢቆም ገፍታችሁ ትመልሱታላችሁ። ተራራ ይዛችሁ መውጣት ግን አልመክርም።

ሁለተኛው ዓይነት ሱቅ በጽሑፍ የሚሰጣችሁ ሦስት ነገር አለ። ሜካኒካል ብልሽት የሱቁ መሆኑ፣ ሞተሩ ሲቆም መጥቶ የሚያነሳ ሰው መኖሩና እስከ ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ እንደሚመጣ፣ እንዲሁም የመለዋወጫ ዋጋ ዝርዝር። ዝርዝሩን ናቅ አታድርጉት። ስፖኪዮ ይህን ያህል፣ የጎን ፕላስቲክ ይህን ያህል ተብሎ ከተጻፈ ሲመልሱ ዋጋ መፍጠር አይቻልም። ጓደኛዬ ሲመለስ አንዲት ጭረት ተገኝታበት በዝርዝሩ ያለውን ከፍሎ በሁለት ደቂቃ ወጣ። እኔ ግን ቺንጋዋን ቀይሬ፣ እንደ አዲስ አድርጌ መልሼ፣ መቆሚያዋ ዝጓል ተብዬ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅኩ።

በመያዣም ይለያያሉ። ሁለተኛው ዓይነት ከ3,000 እስከ 5,000 ባት ጥሬ ገንዘብና የፓስፖርት ፎቶኮፒ ይበቃዋል። ኦሪጅናል ፓስፖርት ካልሰጣችሁ የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ ትታችሁ ውጡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሰው አገር ቢያዝባችሁ ምትኩን ለማግኘት ያለውን እንግልት የምታውቁት ናችሁ። በዚያ ላይ ፓስፖርት በእጃችሁ ከሌለ ሆቴል መግባትም ያስቸግራል።

«ኢንሹራንስ አለው» ሲሏችሁ

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው። ታይላንድ ውስጥ ያለ ሞተር ሁሉ «ፖ ሮ ቦ» የሚባል የግዴታ መድን ሊኖረው ይገባል፣ ከ1992ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ጀምሮ። ባለሱቁ «አለው» ሲል አይዋሽም። ግን ይህ መድን የሚከፍለው ለሰው አካል ብቻ ነው። ጥፋተኛ ላልሆነ ተጎጂ እስከ 80,000 ባት ሕክምና፣ ለሞት 500,000 ባት። ጥፋቱ የነጂው ከሆነ ለራሱ ሕክምና የሚያገኘው 30,000 ብቻ ነው። ለሞተሩ ግን አንድ ባት የለውም። ለቺንጋ፣ ለባትሪ፣ ለተሰበረ ፕላስቲክ ማንም አይከፍልላችሁም።

ከአገር ስትወጡ የገዛችሁት የጉዞ መድንስ? እሱም የተሠራው ለእናንተ ሕክምና ነው፤ የተከራያችሁት ሞተር ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሸፈንም። ሕክምናውም ቢሆን የሞተር መንጃ ፈቃድ እንዲኖራችሁና ሄልሜት እንድታደርጉ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከ125 ሲሲ በላይ ከሆነ አይከፍሉም። የመኪና መንጃ ፈቃድ ሞተር አያስነዳም፣ እኛም አገር ምድቡ ለብቻ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ክሬዲት ካርዳችሁ የኪራይ መኪና መድን ይሰጣል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሞተር ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ውጭ ነው።

ቬትናም ላይ ሂሳቡ ይቀየራል

ሰሜን ቬትናም ውስጥ ሃ ዛንግ የሚባል አካባቢ አለ። መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆን የተራራ ዙር ነው፤ ዶንግ ቫንን፣ ማ ፒ ሌንግ የሚባለውን ገደልና ሜኦ ቫክን ይዞ ይዞራል። ቱሪስቱ የሚጎርፈው ወደዚያ ነው። እዚያ ሦስት ምርጫ አለ።

አንደኛው ራስ መንዳት ነው። የሚከራየው ብዙ ጊዜ ማርሽ ያለው የእጅ ፍሪሲዮን ግን የሌለው ሞተር ነው። ሱቆቹ በቀን ትንሽ ጭማሪ አስከፍለው የጉዳት ሽፋን ይሸጣሉ። ግዙት፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጎማ ይጨምራል ወይ? የማንሻ መኪናው ወጪስ? እስከ ስንት የቬትናም ዶንግ ይሸፍናል? ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በመልእክት አስጽፉ። ትንሿ ብልሽት እዚያ አታስጨንቅም። በየመንደሩ «ሱዋ ሴ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ካላማዳሪያ እዚያው ይለጠፋል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። «ሩዋ ሴ» የሚለው ደግሞ እጥበት ነው፤ በጽሑፍ የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ፊደል ነው፣ የተነፈሰ ጎማ እየገፋችሁ እንዳትሳሳቱ።

ከባዱ ነገር መንጃ ፈቃዱ ነው። ቬትናም የ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አባል ናት፤ የምትቀበለው በዚያ ስምምነት የተሰጠ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ነው፣ ያውም የሞተር ምድብ ያለበት። አሜሪካ የሚሰጠው በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት ነው፤ ስለዚህ እዚያ አይሠራም። የእስራኤል፣ የጀርመን፣ የጣሊያን የመሳሰሉት አገሮች የ1968ቱ አባል ናቸው። ሃ ዛንግ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆማል፤ ቅጣቱም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከብዷል። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚያገናኘው ግን ሌላ ነው። የማይሠራ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ከነዳችሁ፣ ሱቁ የሸጠላችሁ ሽፋንም የጉዞ መድናችሁም ላለመክፈል ምክንያት አገኙ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ከሹፌር ጋር መሄድ ነው፣ «ኢዚ ራይደር» ይሉታል። እናንተ ከኋላ ትቀመጣላችሁ፣ የአካባቢው ልጅ ይነዳል። ከኪራይ በጣም ይወደዳል። ግን ሞተሩ ቢቆም፣ ጎማ ቢፈነዳ፣ ቤንዚን ቢያልቅ የእናንተ ኪስ አይነካም። ልጁ ከመቀመጫው ሥር መፍቻ ያወጣል፣ ካልሆነለትም ለጓደኛው ይደውላል። የመንጃ ፈቃዱም ጣጣ የእሱ ነው።

ሦስተኛው አሮጌ ሞተር ገዝቶ ከሃኖይ ሆ ቺ ሚን ድረስ ነድቶ እዚያ መሸጥ ነው። ይህ ለብዙ ሳምንት መንገደኛና ካንዴላ አጥቦ መመለስ ለማያስፈራው ሰው ነው። ብልሽቱ በሙሉ የገዢው ስለሆነ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ አይነሳም።

የእኔ ምርጫ

የሞተር መንጃ ፈቃድ ካላችሁና ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ታይላንድ ላይ ሁለተኛውን ዓይነት ሱቅ ያዙ። ሞተር ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ ወይም የመኪና መንጃ ፈቃድ ብቻ ከያዛችሁ ሃ ዛንግ ላይ ከሹፌር ጋር ሂዱ፣ በዋጋው አትቆጩ። የፓይን መንገድ ደግሞ በሚኒባስ ሄዳችሁ እዚያው ፓይ ውስጥ ለአጭር ዙር መከራየት ይቻላል፤ ቢቆምም ሱቁ ቅርብ ነው።

ከየትኛውም ብትከራዩ ከመውጣታችሁ በፊት ሞተሩን ዙሩት፣ በቪዲዮ ቅረጹት፣ ከፊቱ እስከ ማርሚታው። ኪሎ ሜትሩን አሳዩ። ጎማው ላይ ጣታችሁን አሳርፉ፤ ልሙጥ ከሆነ ሌላ አምጡ በሉ፣ በኋላ ቢነፍስ «ጎማ የተከራይ ነው» ይሏችኋል። ቀዝቃዛ ሞተር አስነስተው ያሳዩዋችሁ፤ ቀድመው አሙቀው ከጠበቋችሁ የደከመ ባትሪ አይታይም። ቺንጋው መቼ ተቀየረ ብላችሁም ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ሱቅ ሞተሩን የሚንከባከብ ሱቅ ነው።

መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ ወዲያው ወደ ጥገና አትሩጡ። ፎቶ አንሱ፣ ያላችሁበትን ቦታ ላኩ፣ መካኒኩ የጠራውን ዋጋ ላኩ፣ «ይጠገን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሱቁ «እሺ» የሚል መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ ጠብቁ። እኔ መጀመሪያ አስጠግኜ ኋላ ነው የደወልኩት፤ ያኔ የሚከራከሩበት ነገር ሰጠኋቸው። ደረሰኝ ተቀበሉ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ጋራዥ አትተዉት፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ያለቀ ዕቃ ሲታይ ያስታውቃል፤ ባለሱቁም እንደሚያውቀው እናንተም ታውቃላችሁ።

እንደዚያም ሆኖ መያዣችሁን አንመልስም ካሏችሁ ታይላንድ ውስጥ የቱሪስት ፖሊስ ስልክ 1155 ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ፣ እያዩዋችሁ ደውሉ።