ከዴቢትና ክሬዲት ጋር ላስታረቁኝ ጋሼ

ሦስት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ከ11 ሰዓት በኋላ ወርክሾፓችን እየመጡ ሒሳብ ያስተማሩኝን ሰው ላመሰግን ነው። ስማቸውን አልጽፍም። "ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣኝ" ብለውኛል። እንደለመድኩት ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

እኔ እንጨት ሠሪ ነኝ። ጎፋ አካባቢ ያለ አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ከረዳትነት ጀምሬ ፎርማን ሆንኩ። ከዚያ ባለቤቱ ሥራ አስኪያጅ አደረጉኝ። ስለ ዋንዛ ጠይቁኝ፣ ስለ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ሰሌዳ) ጠይቁኝ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በየወሩ የምታመጣልኝን ወረቀት ግን ራሴን እየነቀነቅኩ እፈርም ነበር። ምን እንደፈረምኩ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

ጉዱ የፈላው ጥቅምት ላይ ነው። ባንክ ውስጥ 900,000 ብር አየሁ። ደስ ብሎኝ በ450,000 ብር የጠርዝ ማጣበቂያ ማሽን ገዛሁ። ወሩ ሲያልቅ ደመወዝ መክፈል አቃተኝ። ባለቤቱ ከኪሳቸው ሞሉት። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼን ያገናኙኝም እሳቸው ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ባንክ ቤት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን ከወለል ላይ የካርቶን ቁራጭ አነሱና 900,000 ብለው ጻፉ።

"ከዚህ ውስጥ ቀብድ ስንት ነው?"

"520,000።"

"ዕቃውን አስረክበሃል?"

"ገና ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው ዕዳህ ነው።" ሰረዙት። "ቫትስ?"

"120,000።"

"እሱ የመንግሥት ነው። አንተ ጋ አድሮ የሚሄድ እንግዳ ነው።" ሰረዙት።

ለኤምዲኤፍ ነጋዴው ያልከፈልነው ዱቤ 150,000 ነበር። እሱም ተሰረዘ። የቀረው 110,000 ብር ብቻ! ካርቶኑን እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የሚገርመው፣ የዚያው ወር የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ትርፍ ያሳያል። መጀመሪያ የሒሳብ ሠራተኛዋ የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። (ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።) ጋሼ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ። ለአንድ ሆቴል ያስረከብነው ወንበር ገቢ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ብሩ ግን አልገባም። ማሽኑ ደግሞ ብሩን በአንድ ቀን ጠራርጎ ቢወስድም፣ በወጪነት የሚመዘገበው በሚያገለግልባቸው ዓመታት እየተሸራረፈ፣ የእርጅና ቅናሽ እየተባለ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ትርፍ አለ፣ ባንክ ውስጥ ብር የለም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ዴቢትና ክሬዲት ላይ ብዙ አስቸገርኳቸው። በሒሳብ መዝገብ ንብረት ሲጨምር ዴቢት፣ ዕዳ ሲጨምር ክሬዲት ይባላል። ብር ሲገባልን የባንኩ ወረቀት ክሬዲት ይላል፣ የእኛ መዝገብ ዴቢት። "ማናቸው ናቸው የተሳሳቱት?" አልኳቸው። ሳቁ። "ማንም አልተሳሳተም ልጄ። የባንኩ ወረቀት በባንኩ ዓይን ነው የተጻፈው። ያንተ ተቀማጭ ለባንኩ ዕዳ ነው።" ስንት ዓመት ያደናገረኝ ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተፈታ።

የዋጋ አወጣጤንም አፈረሱት። ወጪው ላይ 30 በመቶ ጨምሬ እሸጥና 30 በመቶ አተረፍኩ እል ነበር። በ100 ብር የተሠራ በ130 ሲሸጥ፣ ትርፉ ከሽያጩ 23 በመቶ ገደማ ነው። ያውም ኪራይና ደመወዝ ሳይነሳ። ደመወዝም ቢሆን 10,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ድርጅቱን የሚያስወጣው 10,000 አይደለም። 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስንጨምርበት 11,100 ይሆናል። ይህን ሁሉ ደምረን ቋሚ ወጪያችን (ሸጥንም አልሸጥንም የምንከፍለው) በወር 280,000 ሆኖ ተገኘ። አንድ የኪችን ካቢኔት ከቫት በፊት 200,000 ብር እንሸጣለን። ዕቃና የእጅ ዋጋ 130,000 ይበላል፣ 70,000 ይተርፈናል። በወር አራት ካቢኔት ብንሸጥ እንግዲህ ባዶ እጃችንን ነን። የምናተርፈው ከአምስተኛው ነው። አሁን ሠራተኞቹ ራሳቸው "አምስተኛው ገባ ወይ?" ይሉኛል።

ጋሼ ጉድለት የላቸውም ልላችሁ አልችልም። ኮምፒውተር አይነኩም፤ ሁሉንም በእጅ ነው የሚሠሩት፣ ወደ ኤክሴል የምገለብጠው እኔው ነኝ። የሰጡኝን የቤት ሥራ ሳልሠራ የጠበቅኳቸው ቀን ቦርሳቸውን አንስተው ሄደዋል። የግብር ክርክር ያለባችሁም ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እዚያ ውስጥ አይገቡም። ግን እንደ እኔ ከሙያ ወደ ወንበር የመጣችሁ፣ ክሊኒክ የምታስተዳድሩ ነርሶች፣ ጋራዥ የምትመሩ መካኒኮች፣ ቁጥር ሲመጣ ዝም የምትሉ ሁሉ፣ ከእሳቸው የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። ክፍያቸውም አይጎዳም።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የራሳችሁን ድርጅት የሦስት ወር ወረቀት ይዛችሁ ጠብቋቸው፣ በፈጠራ ምሳሌ አያስተምሩም። ዱቤያችሁን አትደብቁ። ቡናቸው ያለ ስኳር ነው።