ለልጄ ኮች፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሀዋሳ የምትኖሩ፣ ኳስ የሚወድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን ጽሁፍ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። የልጄን አሰልጣኝ ላመሰግን ነው። ልጃችሁን ይዛችሁለት ብትሄዱ እንደማትጸጸቱም በሙሉ አፌ ልነግራችሁ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ልመናውን አክብሬያለሁ። ልጆቹ «ኮች» ይሉታል። እኔም ከእነሱ ተምሬ ኮች ነው የምለው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ኳስ የማውቀው የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነበር። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እዚሁ ነበርኩ። በ2005 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ስትገባ ዛምቢያ ላይ ያገባው አዳነ ግርማ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ግብፅ ድረስ ሄዶ የተጫወተው ሽመልስ በቀለም እንዲሁ። እዚህ የተወለደ ልጅ የእነሱን ስም እየሰማ ነው የሚያድገው። የኔም ልጅ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እኔም አንድ ቀን እነሱ የደረሱበት ይደርሳል ብዬ አምኜ ነበር።

ኮች እነሱ የደረሱበት አልደረሰም። ብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ አያውቅም። አስራ አምስት ዓመት በግራ መስመር ተከላካይነት ሀገር ዞሯል። አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ ሌላም ሌላም። አንዱ ጋ ሁለት ዓመት፣ አንዱ ጋ ስድስት ወር። ፕሪሚየር ሊግም፣ ከእሱ በታች ባለው ከፍተኛ ሊግም ተጫውቷል። ቡድኑ ሲወርድ አብሮ ወርዷል፤ ሲፈርስ ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በኮቪድ ምክንያት በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ፣ በዲኤስቲቪም መተላለፍ ሲጀምር፣ ከሌላ ቡድን ጋር ሆኖ ወደ ገዛ ከተማው መጣ። አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። እናቱ ልጃቸው ሲያሟሙቅ ለማየት ጎረቤት ቤት ሄደው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጡ እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ልጄ 13 ዓመት እንደሞላው አንድ ሰው መጣ። ሜዳ ዳር ቆሞ ልጆች ሲሰሩ የሚያይ፣ ጥሩ የለበሰ፣ አንደበቱ የጣፈጠ ሰው። «ልጅሽ ወርቅ ነው» አለኝ። ውጭ ሀገር አካዳሚ አለ፣ የሙከራ ግብዣው ወጥቷል፣ የቀረው የፕሮሰስ 150,000 ብር ብቻ ነው አለ። ወረቀትም አሳየኝ። የክለብ አርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ጊዜ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። በስልክ ተማከርን። ዕቁቤ ሊደርሰኝ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የጎደለውን ኦቨርሎክ ማሽኔን ሸጬ ልሞላ ቆረጥኩ። ያ ማሽን እንጀራዬ ነው።

ኮች ይህን ከልጄ አፍ ሰማ። በዚያው ማታ ቤታችን መጣ። ቡና እያፈላሁ ነበር። ብብቱ ሥር ሰማያዊ ክላሰር ይዟል። «እትዬ፣ እስቲ ወረቀቱን ያሳዩኝ» አለ። ሰጠሁት። ገልበጥ አድርጎ አየውና አስቀመጠው። ከዚያ የራሱን ክላሰር ከፈተ።

ኮች ሰባት መልቀቂያ አለው። ከወጣበት ክለብ ሁሉ የያዘው ወረቀት ነው። ከፕላስቲኩ እያወጣ ረከቦቱ አጠገብ አንድ በአንድ ደረደራቸው። የአንደኛው ጠርዝ ውሃ ነክቶት ማኅተሙ ፈስሷል። አንደኛው ላይ ሁለት ቀን ተጽፎ አንዱ ተሰርዟል። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ግን ባዶ ፕላስቲክ አለ። ጣቱን ባዶው ላይ አሳርፎ «ይሄ ያልሰጡኝ ነው» አለ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የአራት ወር ደሞዝ አልከፈሉትም። ሲጠይቅ መልቀቂያውን ያዙበት። መልቀቂያ ካልያዘ ደግሞ የሚያስፈርመው አላገኘም። ግማሽ ዓመት እናቱ ቤት ተቀመጠ። በየማለዳው ሀይቁ ዳር ብቻውን እየሮጠ።

«እኔ ይህ ሲደርስብኝ ትልቅ ሰው ነበርኩ» አለኝ። «ሀገሬ ነው፣ ቋንቋዬ ነው። ሲብስብኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ እናቴ ጋ መጣሁ። እሱ ቢቸግረው ማን ጋ ይሄዳል?»

ከዚያ ደንቡን አስረዳኝ። ይህን ያላወቀ ወላጅ ካለ ዛሬ ይወቅ። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሀገር ሀገር እንዲዛወር አይፈቅድም። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ኑሯቸውን ወደዚያ ሀገር ካዞሩ። እኛ ግን እዚሁ ነን። «ታዲያ ይሄ 150,000 ብር የምን ክፍያ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌላም ነገር ነገረኝ። ልጅ አድጎ ውጭ ሀገር የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም፣ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሰለጠኑት ክለቦች የስልጠና ካሳ የሚከፍለው ወሳጁ ክለብ ነው። ከፋዩ ክለቡ ነው እንጂ እናት አይደለችም።

እውነቱን ለመናገር ያን ማታ ተቀየምኩት። እሱ ያላገኘውን ልጄ እንዳያገኝ ነው ብዬ በሆዴ ያዝኩበት። ልጄም ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። ኮች ግን አልተወንም። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣና «ሰውዬው የሰጣችሁን ስልክ ትታችሁ፣ ክለቡን በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ እንጠይቀው» አለ። አብረን ጻፍን። ከአምስት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ይህን ሰው አናውቀውም፣ ለሙከራም ገንዘብ አንጠይቅም ይላል። ይህን ስንነግረው ሰውዬው ስልኩን አጠፋ። ሌላ ሰፈር ያለች አንዲት እናት ግን ቀድማ ከፍላው ነበር። እሷን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ኮችን ይቅርታ ስጠይቀው «ልጁ ማክሰኞ ልምምድ ይምጣ» ብቻ አለኝ።

ስለ ልምምዱም ልንገራችሁ፤ ብዙ ቅዳሜ ሜዳ ዳር ተቀምጬ አይቻለሁ። ኳስ ከመነካቱ በፊት ሃያ ደቂቃ ያሟሙቃሉ። 11 ፕላስ የሚባል፣ ፊፋ ለጉዳት መከላከያ ያዘጋጀው እንቅስቃሴ ነው። ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ በአንድ እግር ቆመው ኳስ ይወራወራሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይሰለቻሉ። ኮች ግን አንዷንም አያዘልላቸውም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የትንንሾቹን የጫማ ማሰሪያ በእጁ ይፈትሻል።

አንድ የሚያሰራቸው ነገር አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። አንዱ ልጅ ኳስ ሊቀበል ሲል ኮች ከኋላው ይቆምና ቀይ ወይም ቢጫ ሰደርያ ያነሳል። ልጁ ኳሱ እግሩ ጋ ሳይደርስ ዞር ብሎ አይቶ ቀለሙን ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ካልተናገረ ኳሱ አይቆጠርለትም። ልጄ መጀመሪያ ላይ ኳሱን ብቻ ነበር የሚያየው። አሁን «ቢጫ!» ብሎ ኳሱን ወደ ባዶው ቦታ ይዞ ሲዞር ሳየው ልቤ ሙሉ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት የሰፈር ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ልጄ ከጉልበቱ በታች አብጦ ያመው ነበር። ደብቆ ሊጫወት ፈለገ። ኮች ሲሮጥ አይቶት ያዘው። ፍጻሜውን አላሰለፈውም፤ ሐኪም ዘንድ ላከን። ሐኪሙም በዕድገት ላይ ባሉ ስፖርተኛ ልጆች የሚያጋጥም ነው፣ ይረፍ አለን። ቡድኑ በፍጻሜው ተሸነፈ። አንዳንድ ወላጆች ኮች ላይ ጮኹበት። እሱ በ24 ዓመቱ ለአንድ ጨዋታ ሲባል ማደንዘዣ ተወግቶ ገብቶ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ዛሬ ደረጃ ሲወርድ እጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ዕድሜ ላይም አይደራደርም። ሁለት ዓመት ቀንሰን እናስመዝግበው ያለውን አባት ከነልጁ መልሶታል። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እንደሚያስመረምር ለልጆቹ ነግሯቸዋል። ለወላጆች የሚነግረው ግን ሌላ ነው። ከታናናሾቹ ጋር የሚጫወት ልጅ በጉልበቱ ስለሚያሸንፍ ኳሱን አይማርም። እኩዮቹ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ይተካከላል፤ በእጁ የቀረ ነገር አይኖርም። ይህን በየክለቡ በዓይኑ አይቷል።

ሪፖርት ካርድ በየሴሚስተሩ ያያል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ልጄን ለአንድ ወር ከሐሙስ ልምምድ አስቀርቶታል። ልጄ አልፏል፤ ዘጠነኛ ገብቷል።

ሁሉ ነገር የተሟላ ነው አልላችሁም። ሜዳው በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ለግቡ መረብ የለውም። ኳሶቹ ያረጁ ናቸው። ኮች ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ያረፈደ ልጅ የዚያን ቀን አይሰራም፣ እናቱ ብትለምንም። ልጃችሁን ኮከብ አደርገዋለሁ ብሎም ቃል አይገባላችሁም። ስለ ልጄ ስጠይቀው እስካሁን የሰጠኝ መልስ «ጥሩ ነው፤ ገና ነው» የሚል ነው። ይህን የሚለኝ ሰው በማግኘቴ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

መውሰድ ለምትፈልጉ፦ ከታቦር ተራራ ግርጌ ባለው ሜዳ ነው የሚሰሩት። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜ ማለዳ 12:30። ሴት ልጆችንም ያሰለጥናል፤ አሁን አምስት አሉ። የካፍ፣ ማለትም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ሲ ላይሰንስ (የአሰልጣኝነት ፈቃድ) አለው። ክፍያው በወር 300 ብር ነው፤ ያልቻለ አይከፍልም፣ ማን እንደማይከፍልም አይነገርም። ታኬታ ባይኖረው ችግር የለም፣ በሸራ ጫማም ይሰራል። የልደት ካርዱንና ሪፖርት ካርዱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ሜዳው ላይ «ኮች የታለ?» ካላችሁ ልጆቹ ራሳቸው ይወስዷችኋል።

ኮች፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ያ ኦቨርሎክ ማሽን ዛሬም ቤቴ ነው። የልጆቹን አዲስ ሰደርያ የሰፋሁት በእሱ ነው፤ ዘጠኝ ቀይ፣ ዘጠኝ ቢጫ። ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።