ማሽኑ አሪፍ ነው፣ ዲያቶሙን (ደቃቅ የውሃ አልጌ) ግን አብረው ለኩልኝ (ከ5 ኮከብ 3)

የቅንጣቱን መጠን እንዲለኩልኝ ከአንታርክቲካ ባህር ወለል የወጣ ጭቃ ነው የላክሁላቸው፣ የላብራቶሪውን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ቶሎ ይጨርሳሉ፣ ሪፖርታቸው ጽድት ያለ ነው፣ በሌዘር ነው የሚለኩት፣ ያንኑ ሳምፕል ደግመው ሲለኩትም ውጤቱ አይዋዥቅም። እስከዚህ ምንም አልልም።

ግራፉን ስከፍተው ግን ከ20 እስከ 60 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) መሀል ትልቅ ጉብታ ቁጭ ብሏል። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ በቃ፣ ከ10 እስከ 63 ማይክሮን ያለው ሲልት (ከአሸዋ የደቀቀ ደለል) ሻካራ ከሆነ የወለሉ ጅረት ፈጣን ነበር ተብሎ ነው የሚነበበው፣ ወረቀቱን በሀሳቤ ጽፌ ጨርሻለሁ። ከዛ አንድ ነገር ከነከነኝና ትንሽ ጭቃ በስቴኪኒ ጫፍ ነክቼ መስታወት ላይ ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ወይ ጉድ! ግማሹ የዲያቶም ቅርፊት ነው፣ ክቡም አለ፣ ታንኳ የሚመስለውም አለ፣ መሀል መሀል ላይ ደሞ መርፌ የመሰለ የስፖንጅ (የባህር እንስሳ ነው) እሾህ። ጅረት ነው ያልኩት ላይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ኖሮ ሞቶ የወረደ አልጌ ነው እኮ!

ደውዬ ስጠይቅ ኦርጋኒኩን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካርቦኔቱን በአሲድ አጥፍተናል አሉኝ። እሱማ ልክ፣ ግን የዲያቶም ቅርፊት ኦፓል ነው፣ ሲሊካ፣ ሁለቱም አይነኩትም። የሱ መድኃኒት ትኩስ ሶዲየም ካርቦኔት ነው፣ 85 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት። የተረፈውን ራሴ እንደዛ አድርጌ መልሼ ስለካው ጉብታው ሟሸሸ፣ የቀረው ሸክላና በረዶ ተሸክሞ ያመጣው አሸዋ ነው። (ይሄም ቢሆን ንጹህ መፍትሄ አይደለም፣ ሙቅ አልካሊ ሸክላውንም ትንሽ ትንሽ ይበላዋል፣ ወፍራም እሾህ ደግሞ እምቢ ብሎ ይቀራል፣ ስለዚህ ከማጠቢያው በኋላም በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ነው።)

በሌላ መሣሪያ ላስለካ የምትሉ ደሞ ተጠንቀቁ። ሌዘሩ ሁሉንም ድቡልቡል ነው ብሎ ስለሚያስብ መርፌው ያሳስተዋል፣ በውሃ ውስጥ የመስመጥ ፍጥነት የሚለካው ደግሞ ቅርፊቱ ክፍትና ቀላል ስለሆነ ቀስ ብሎ ሲወርድ ደቃቅ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። አንድ ጭቃ፣ ሁለት የተለያየ መልስ።

ከዋልታ አካባቢ የመጣ ደለል መሆኑን ፎርሙ ላይ ጽፌላቸው ነበር፣ ኦፓሉስ ምን ይሁን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም፣ ሁለቱ ኮከብ የተቀነሰው ለዚህ ነው። ትራፊውን ሳምፕል ሳይጥሉ በጥንቃቄ አሽገው መመለሳቸው ግን አድኖኛል፣ እሱ ባይኖር ምኑን እደግመው ነበር።