ቱሉ ዲምቱ ዳር ያለው የኢኢጂ ክፍል፦ ስትሮክ ለቆየበት ሰው

ኢኢጂ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ጭንቅላት ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የሚቀርጽ ምርመራ ነው። የዚህ ክፍል ሠራተኞች ቀረጻቸው ጥሩ ነው፤ ንባባቸው ግን ደካማ። ስትሮኩ የት እንደመታ ለማየት ከሆነ ወደዚህ አትድከሙ፣ ያ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ሥራ ነው። ኢኢጂ የሚጠቅመው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ታካሚውን ማንቀጥቀጥ ሲጀምረው ወይም በየመሀሉ ፈዝዞ ሲቀር ነው።

ባለሙያዋ ጭንቅላቱን በሜትር ለክታ 21 ኤሌክትሮድ በ10-20 አለካክ (ቦታቸውን በጭንቅላቱ ልክ በ10 እና በ20 በመቶ ርቀት በሚወስነው ደንብ) ትለጥፋለች፤ በግምት አትሠራም። ኢምፔዳንሱም (በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ እንቅፋት) ከ5 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ ቆዳውን ታሻለች። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከቤት ይዞት የሚመጣው ነው፦ ቅቤና ሹሩባ። ቅባት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ በሹሩባ ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድም ይንሸራተታል። በዋዜማው ሹሩባው ተፈትቶ ፀጉሩ ሁለቴ በሻምፑ ይታጠብ፤ ከዚያ ምንም አይቀባ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም።

ክፍሉ ከጀነሬተሩ ጋር ግድግዳ ይጋራል። መብራት በጠፋ ቁጥር (በዚህ ሰፈር ደግሞ ይጠፋል) ጀነሬተሩ ይነሳና የ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ረብሻ የቀረጻውን መስመር ያጠቁረዋል። ያኔ ኖች ፊልተር (ያንን 50 ኸርዝ ከቀረጻው የሚቆርጥ ማጣሪያ) ከፍተው ያልፉታል። ፊልተሩ ግን የላላውን ኤሌክትሮድ ይደብቀዋል እንጂ አያጠብቀውም።

የደከመው ክንድ ትራስ ካልተደረገለት ትከሻው ያማል፤ ታካሚው ሰውነቱን ሲያጠብቅ የጡንቻው ምልክት ቀረጻውን ይሸፍነዋል። ንግግር የጠፋበት ሰው ደግሞ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ሲባል ላይገባው ይችላል። ካልጨፈነ የኋላው አልፋ (ዓይን ሲጨፈን ከጭንቅላት በስተኋላ የሚታየው ጤናማ ሞገድ) አይወጣም፣ አንባቢውም አልፋው ጠፍቷል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በእጅ ማሳየት በቂ ነው፤ እዚህ ግን በቃል ብቻ ያዛሉ። ትልቁ ጉድለታቸው የተደበቀ ሞገድ እንዲወጣ በምርመራው መሀል የሚታዘዘውን የ3 ደቂቃ ፈጣን አተነፋፈስ ስትሮኩ መቼ እንደሆነ ሳይጠይቁ ለሁሉም ማሠራታቸው ነው። በፍጥነት መተንፈስ የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ በቅርቡ ስትሮክ ለመታው ሰው አይደረግም። ቀኑን ራሳችሁ ንገሯቸው።

ውጤቱ ግማሽ ገጽ ነው፦ «ያልተለመደ፣ በግራ በኩል ዝግታ አለ»። ለቆየ ስትሮክ ይህ ዜና አይደለም። በተጎዳው ጎን ከ4 ኸርዝ በታች ያለው ዴልታ ወይም ከ4 እስከ 8 ያለው ቴታ የተባለ ዝግ ሞገድ መታየቱ የሚጠበቅ ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ሹል ሞገድ (የሚጥል በሽታን የሚጠቁም ምልክት) መኖር አለመኖሩን ነው፤ ወረቀቱ ስለዚያ ዝም ይላል። ባይኖርም እንኳ የሚጥል በሽታ የለም ማለት አይደለም። የራስ ቅል አጥንት በቀዶ ሕክምና የተነሳለት ከሆነ በዚያ ቦታ ሞገዱ ጎልቶና ሾሎ ይወጣል፤ ባለሙያዋ አስቀድማ ካልጻፈችው እንደ በሽታ ሊነበብ ይችላል።

መግቢያው ባለደረጃ ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ታካሚ የሚያነሱት ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ስትወጡ ፍላሽ ይዛችሁ ኦርጅናሉን ቀረጻ በኢዲኤፍ (ሞገዱ እንዳለ በሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ጠይቁ፤ በፒዲኤፍ የሚሰጡትን ሌላ የነርቭ ሐኪም ፊልተሩን አንስቶ ሊያየው አይችልም።