ጭቃ ቤት ወይስ ብሎኬት? ከካራቆሬ ተራሮች ግርጌ
የደጋው ጠርዝ እዚህ ሰሜን ሸዋ ላይ እየተሰነጠቀ ወደ አፋር ዝቅ ይላል፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ (ማግኒቲዩዱ) ከ6 በላይ ነበር።

ጭቃ ቤት ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይናድም። ማገሩ ቋሚዎቹን ያያይዛል፤ ምርጊቱ ቢረግፍም ቆርቆሮው ቀላል ነው። ጉዱ ምስጥ ነው፦ የቋሚውን እግር በልቶ ሲጨርስ ምርጊቱ ይሸፍንለታል። በዓመት አንዴ መሬቱ አጠገብ በካራ ወጋ አድርጎ ማየት ነው።

ብሎኬት ከባድ ነው፣ የመንቀጥቀጥ ግፊት ደግሞ በክብደት ልክ ይጨምራል። ፌሮ (ብረት) ያለው ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ)፣ ከታችም ከላይም ዙሪያውን የሚያስር ቢም (አግድም ኮንክሪት) ካለው ግን ከጭቃው ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስታፋው (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) ላይ ነው፦ ጫፉ 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ኮንክሪቱ ሲረግፍ ይከፈታል፤ 135 ታጥፎ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ቢም ከሌለው? ጭቃው ይሻለኛል።