ሳይክልን ከአርባ ምንጭ መመለስ፦ አውቶቡስ፣ አባዱላ፣ አውሮፕላን ወይስ የሙዝ አይሱዙ?

«ስትመለሱ ሳይክሉን በምን አመጣችሁት?» ብሎ ያልደወለልኝ ጓደኛ የለም። ስለ መሄዱ ማንም አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርጋችሁ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ፔዳል ስትመቱ ትሰነብቱና አርባ ምንጭ ትገባላችሁ። ዓሣችሁን ትበላላችሁ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ መመለሻው ዳገት ነው። እግር ደግሞ በቃኝ ብሏል።

የእኔን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሳይክሉ በሙዝ አይሱዙ፣ እናንተ በአውቶቡስ።

በመጀመሪያው ጉዟችን እኔና ጓደኛዬ እንደ ሰው ሁሉ ሳይክሎቹን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነበር የጫንነው። ረዳቱ ለአንዱ 700 ብር አለን። ትተነው ሄድን፣ ጠራን፣ ተመለስን፤ በ500 ተስማማን። ጣሪያ ላይ ያለው ልጅ የማሰሪያ 100 አለ። አዲስ አበባ ስንደርስ የማውረጃ ሌላ 100። ይህ በአንድ ሳይክል ነው፤ ለሁለቱ 1,400 ብር ሆነ። ብሩስ ይሁን። መንገድ ላይ የተጨመረውን ጭነት ግን ማን አየ? ስንወርድ የእኔዋ ላይ ሁለት ማዳበሪያ ከሰልና አንድ የብረት አልጋ ተጭኖባታል። የኋላው ካምቢዮ (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረው) ተጣሞ ራጂው ውስጥ ገብቷል።

ጠጋኙ በመፍቻ ሊያቃናው ሲሞክር ካምቢዮው የሚታሰርበት ብረት ቀጭ አለ። አሉሚኒየም አንዴ ከተጣመመ መልሶ መቃናት አይወድም። መርካቶ ሄጄ «ኦሪጅናል ሺማኖ ነው» ተብዬ አንድ ካምቢዮ በ2,800 ብር ገዛሁ። ፎርጅድ ነው። ጽሑፉ በአውራ ጣት ሲታሽ ይለቃል፤ እኔ ያሸሁት ግን ከገዛሁ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ስፕሪንጉ ላላና ካቴናው ይዘል ጀመር። እንግዲህ አውቶቡስ ርካሽ ነው የሚላችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

አባዱላ ይፈጥናል። ግን ፖርቶመጋላው ጠባብ ነው፤ ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ የሁለት ወንበር ትከፍላላችሁ። አነዳዱን አላወራም።

አውሮፕላን ያምራል፤ ለሚችል። የአገር ውስጥ በረራው ብዙ ጊዜ በትንሿ ኪው-400 ስለሆነ የዕቃ ቦታዋ ውስን ነው። ሳይክሉ በሚቀጥለው በረራ ይምጣ ልትባሉ ትችላላችሁ። ካርቶን ፍለጋ የቴሌቪዥን ሱቆችን ትዞራላችሁ፣ ጎማ ታስተነፍሳላችሁ፣ መሪ ታዞራላችሁ፣ ፔዳል ትፈታላችሁ። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው መሆኑን እንዳትረሱ፤ ጓደኛዬ ረስቶ የብሎኑን ጥርስ በልቶታል። ከዚያ በላይ ለትርፍ ኪሎ ትከፍላላችሁ።

አሁን ወደ አይሱዙው። ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ላንቴ አለ። ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ እዚያ ሙዝ ሲጭኑ ታገኟቸዋላችሁ። ደላላ አያስፈልግም፤ ሹፌሩን ራሱን አናግሩት። በሌላ ጉዟችን እኛ ለሁለቱ ሳይክሎች 600 ብር ከፈልን፤ ግማሹን እዚያው፣ ግማሹን ስንረከብ። ታርጋውን ፎቶ አነሳን፤ ስልኩንም እዚያው ደውለን አረጋገጥን። ሳይክሎቹ ከሙዙ በላይ፣ በኮባ ቅጠሉ ላይ ነው የተኙት። ካምቢዮው ወደ ላይ ይሁን፤ ሸራው ሲወጠር ከላያቸው ምንም አይጨመርም። መኪናው ሞልቷላ! ሙዝ እንዳይጨፈለቅ የሚጠነቀቅ ሹፌር ለእናንተም ሳይክል ይጠነቀቃል።

የጎን ቦርሳዎቹን ፈታችሁ ይዛችሁ አውቶቡስ ግቡ። ወጪ ለመቆጠብ ብላችሁ ጭነቱ ላይ አትውጡ፤ ሌሊት ነው የሚነዳው። በማግስቱ ጠዋት ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሄዳችሁ ትረከባላችሁ። ለታክሲ እንኳ አታወጡም፤ እየነዳችሁ ቤት ትገባላችሁ።

ነጭ ልብስ ግን እንዳትለብሱ። የሙዝ ወተት በሳሙና አይለቅም።